የአልቃሽ ዕንባ
ስለ ልብ ወለድ ጸሐፊ ደስታና ሐዘን የተደረገ ምልልስ

ተሟጋች፦ ልብ ወለድ መጻፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ስሜት የሚዘለቅ ሥራ አይደለም። ሐሳቡ ሲጸነስ ፍንደቃ አለ፤ መካከሉ ላይ ድካምና ጥርጣሬ ይመጣል፤ ሲያልቅ እፎይታ፣ ከእፎይታው ማግስት ደግሞ ባዶነት ይከተላል። ከዚያ ወዲያ የአንባቢ ፍርድ አለ። በየአገሩ የኖሩ ደራስያን የተዉት ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ ይህንኑ ዑደት ደጋግሞ ያሳያል። በአማርኛ ደግሞ የሥራው ስም ራሱ ወደዚያው ያመለክታል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመውን፣ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ሰየመው። ልብ የወለደው ማለት ነው፤ ወላጅ ደግሞ ምጥ አይቀርለትም።

ተጠራጣሪ፦ ከስም ተነሥቶ ምጥ ላይ መድረስ ትንሽ ይፈጥናል። «ልብ» በአማርኛ የስሜት ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የማስተዋልም ነው። «ልብ በል» ሲባል «አስተውል» ማለት እንጂ «አልቅስ» ማለት አይደለም። ልብ ወለድም በዚህ መንገድ ሲፈታ አእምሮ የፈጠረው፣ በገሃድ ያልተደረገ ነገር ነው። ደራሲ ይደሰታል፣ ያዝናል፤ በዚህ ክርክር የለም። ግንበኛም ይደሰታል፣ ያዝናል። መጠየቅ ያለበት ያ ስሜት ለመጽሐፉ አንዳች ነገር ይሠራለታል ወይ የሚለው ነው። ግንበኛው በደስታ ያቆመውን ግድግዳ በሐዘን ካቆመው የሚለይ ሰው የለም።

ተሟጋች፦ ግድግዳ አንባቢን አያስለቅስም።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ከራሱ ከደራስያን መንደር አንድ ግንበኛ ይጠራ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ባለሥልጣን ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ለመገኘት አንድ ሽማግሌ አገልጋይ ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የትናንቱን ጽሑፍ ያነብበታል፤ ከዚያ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። ለፖስታ ቤት ጉዳይ ግብጽ ሄዶ ሳለ አንዱን ልብ ወለድ ጨርሶ በማግስቱ ሌላውን ጀምሯል። በዚህ መንገድ 47 ልብ ወለዶች ጻፈ። የፍንደቃና የባዶነት ዑደት የሚባለው በዚህ የሥራ ሰሌዳ ላይ የቱ ጋ ይገባል? ከሞቱ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. የወጣው ግለ ታሪኩ ይህን ሁሉ ያለ እፍረት ይተርካል።

ተሟጋች፦ ያው ግለ ታሪክ ሌላም ነገር ይተርካል። ትሮሎፕ ደራሲ ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ሊተኛና ሊነሣ፣ ሊጠላቸውና ሊወዳቸው እንደሚገባ ይመክራል፤ በጫካና በዐለት መካከል ብቻውን እየተንከራተተ በእነሱ ሐዘን ያለቀሰበትን፣ በጅልነታቸው የሳቀበትን ጊዜም ያነሣል። ይህ ሁሉ ሰዓቱ ከመቀመጡ በፊት የሚሆን ነው። ሰዓቱ የቆጠረው የተጻፈውን ቃል ነው፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን አይነግርም። ሊጡ የቦካው ማታ ነው፤ ጠዋት ምጣዱ ዘንድ የቆመ ሰው የሚያየው ግን መጋገሩን ብቻ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይሁን፤ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት፣ ሊብሰለሰልበትም ይችላል። የደራስያን አፈ ታሪክ የሚለው ግን ከዚህ ይበልጣል። መንፈስ ይወርዳል፣ እጅ ይነዳል፣ ሌሊቱ ሳይታወቅ ይነጋል ይላል።

ተሟጋች፦ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ፍራንዝ ካፍካ «ፍርዱ» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ከመስከረም 22 እስከ 23 ቀን 1912 እ.ኤ.አ. ባለው አንድ ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይነሣ ጻፈው። ከመቀመጥ ብዛት እግሮቹ ደርቀው ከጠረጴዛው ሥር ሊያወጣቸው ተቸግሮ እንደነበር፣ ታሪኩ ከፊቱ ሲዘረጋ ያደረበትን ከባድ ድካምና ደስታም በማስታወሻው ጽፏል። መጻፍ የሚቻለው እንዲህ ባለ የአካልና የነፍስ መከፈት ብቻ ነው ወደ ማለትም ደርሶ ነበር። ጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ»ን ሲጽፍ ስለ ገጠመው አንድ ቀን የጻፈው ደብዳቤም አለ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ ለራት ከተነሣበት አጭር ጊዜ በቀር፣ እስከ ሌሊት ድረስ አፍቃሪዎቹ በፈረስ ጫካ የሚገቡበትን ትዕይንት ሲጽፍ ውሎ አመሸ። በዚያን ቀን ወንዱም ሴቷም፣ ፈረሶቹም ቅጠሎቹም ራሱ እንደሆነ ሆኖ ተሰምቶታል።

ተጠራጣሪ፦ ምስክሮቹ ጥሩ ናቸው፤ ይቆዩና መስቀለኛ ጥያቄ ይመልሱ። ያው ካፍካ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሜታሞርፎሲስ»ን ጻፈ፤ አንድ ተጓዥ ሻጭ ጠዋት ሲነቃ ተባይ ሆኖ የሚገኝበት ታሪክ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. መግቢያ ማስታወሻው ላይ ሥራውን እንደሚጠላው፣ መጨረሻውም ሊነበብ የማይችል እንደሆነ አሰፈረ። ዓለም ግን ካፍካን ከምንም ሥራው በላይ የሚያውቀው በዚህ ነው። የደራሲ ፍንደቃና የደራሲ ጥላቻ ስለ ገጹ ትክክለኛ ወሬ ካላመጡ ምን ያደርጋሉ? የተሰበረ ሚዛን ላይ የተመዘነ ጤፍ ማንም አይገዛም።

ተሟጋች፦ በዚህ መሸነፍ ይገባል። ስሜት ገጹን አይመዝንም። ሲጻፍ ደስ ያለው ገጽ ልፍስፍስ፣ ሲጻፍ ያንገፈገፈው ገጽ ጠንካራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስሜት ዳኛ ነው የሚል ክርክር ከዚህ በኋላ አይቀርብም።

ተጠራጣሪ፦ ዳኝነቱ ከቀረ ምኑ ቀረለት?

ተሟጋች፦ ሁለት ሥራ ቀረለት፤ ደራሲውን ወንበሩ ላይ ማቆየትና ከብዙ ነገር መካከል አንዱን መምረጥ። የመጀመሪያው በልብ ወለዱ መካከል ላይ ጎልቶ ይታያል። የጅማሬው ደስታ መሐል ላይ የሚነጥፍበት ምክንያት አለው። በራስ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ ሙሉ ነበር፤ ወረቀት ላይ የወረደው ግን ጎዶሎ ነው፤ ደራሲው በየቀኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የተጻፈ ምዕራፍ ሌሎች መንገዶችን ይዘጋል። መጀመሪያ ላይ ገጸ ባሕርይዋ ልትሰደድም፣ ልታገባም፣ ልትመንንም ትችል ነበር፤ መሐል ላይ የቀራት አንድ ወይም ሁለት በር ነው። ምስክርም የለም። ገበሬ ቡቃያውን ያያል፤ ሁለት ዓመት ለብቻው የሚጽፍ ሰው ግን «በቀለ» የሚለው ጎረቤት አያገኝም። ጆን ስታይንቤክ በ1938 እ.ኤ.አ. «የቁጣ ወይን»ን ሲጽፍ በያዘው ማስታወሻ ላይ ደራሲ እንዳልሆነ፣ ራሱንም ሰውንም ሲያታልል እንደኖረ እስከመጻፍ ደርሷል። ሆኖም በአምስት ወር ገደማ ጨረሰው።

ተጠራጣሪ፦ ያን ማስታወሻ ከፍቶ ያነበበ ሰው ምን ያገኛል? አጠገቡ ቤት የሚሠሩ ሰዎች መዶሻ ጆሮውን ይበጥሰዋል፤ እንግዳ ይመላለሳል፤ ቤት ለመቀየር ይታሰባል፤ አሳታሚው ይከስራል። የስታይንቤክ ምሬት የመጣው ከመጽሐፉ መሐል ሳይሆን ከጎረቤት መዶሻና ከአሳታሚ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ «የፈጠራ ስቃይ» የሚል የማዕረግ ስም መስጠት ድካምን ካባ ማልበስ ነው። ሸማኔም ጋቢው እኩል ላይ ሲደርስ ወገቡ ይንቀጠቀጣል፤ የሸማኔን የፈጠራ ስቃይ ግን ማንም ጽፎ አያውቅም።

ተሟጋች፦ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲቀመጥ ድሩ ተዘርግቶለታል። ስንት ክንድ እንደሚሠራ ያውቃል፤ የቀረው ማጉን መወርወር ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ድሩንም የሚዘረጋው እየሠራ ነው፤ ግማሽ ላይ ደርሶ ድሩ ጠማማ እንደነበር ሊያውቅ፣ ያን ሁሉ ሊተረትር ይችላል። መዶሻው የስታይንቤክን ቀን አበላሽቶ ይሆናል። በማግስቱ ወደዚያው ጠረጴዛ የመለሰውስ ምንድን ነው? ሰሌዳ ነው ቢባል፣ ሰሌዳ ያወጣ ሁሉ መጽሐፍ አይጨርስም። ልቡ በታሪኩ ያልተያዘ ሰው መዶሻ ሳይኖርም ይነሣል።

ተጠራጣሪ፦ ለዚህስ ምስክር ከሩቅ አገር አያሻም። ሐዲስ አለማየሁ አርበኛ ነበሩ፤ ኢጣሊያ ውስጥ ለዓመታት ታስረዋል፤ ከዚያም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው 55 ዓመት ገደማ ነበር። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚጨርሰው ቁጭ ብሎ በመሥራት ነው። ስሜት ቢነሣም ባይነሣም ብዕሩ ይነሣል። ፍቅር የያዘው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይጽፋል ይባላል፤ 500 ገጽ የሚጽፈው ግን ነገ የሚነጋለት፣ ከነገ ወዲያም የሚመለስ ሰው ነው።

ተሟጋች፦ መልካም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከተነሣ ክርክሩ ወደ ዋናው ቦታ ደረሰ። መጽሐፉ ፍጻሜውን ከርእሱ ይናገራል። አፍቃሪዎቹ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የት እንደሚያበቁ አንባቢው ሽፋኑን ሲያይ ያውቃል። ደራሲውም እያንዳንዱን ገጽ የጻፉት መቃብሩን ከፊት ለፊት እያዩ ነው። እንዲህም ሆኖ መጽሐፉ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ቀድሞ የታወቀው ሞት የአድማጩን አንጀት በልቷል። ስለዚህ ልብ ወለድ የሚያነሣው ሐዘን የድንገት ሐዘን አይደለም፤ ሰው አስታሞ እንደሚያውቀው ዓይነት፣ ቀን እየቆጠረ የሚመጣ ሐዘን ነው። እንዲህ ያለውን ሐዘን ያልተሰማው ሰው ለሌላው ሊያቀብለው አይችልም።

ተጠራጣሪ፦ ለምን አይችልም? ወጋየሁ ሲተርክ ሳግ ይዞት ቢሆን ኖሮ ትረካው በተቋረጠ ነበር። አድማጩን የያዘው የሠለጠነ፣ ልጓም ያለው ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ዲዴሮ በ1770ዎቹ ስለ ተዋንያን የጻፈው፣ በ1830 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ አለ፤ እሱም በሁለት ተናጋሪዎች ምልልስ የቀረበ ነው። ክርክሩ አጭር ነው፦ ታላቅ ተዋናይ መድረክ ላይ የሚያሳየውን ስሜት አይሰማውም። የሚሰማው ተዋናይ አንድ ቀን ይሳካለታል፣ በማግስቱ ይከሽፍበታል፤ የማይሰማው ግን የሐዘንን ውጫዊ ምልክት አጥንቶ ሁልጊዜ ይደግመዋል። ይህን ለማየት ፈረንሳይ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት የተጠራች አልቃሽን ማየት ይበቃል። ሟቹ ዘመዷ አይደለም፤ ምናልባት በሕይወት ሳለ አላየችውም። እሷ ግን ቤቱን ሙሉ ታስለቅሳለች።

ተሟጋች፦ የአልቃሿን ሥራ ከቅርብ ማየት ይጠቅማል። ስትደርስ አስቀድማ ትጠይቃለች፤ የማን ልጅ ነበር፣ ምን ሠራ፣ ማንን ትቶ ሄደ፣ ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር። ከዚያ ሙሾዋን ሁለት ሁለት ስንኝ እያደረገች፣ ቤት እየመታች፣ የሟቹን ስምና የቤተ ሰቡን ስም በየቦታው እየከተተች ታወርዳለች። አንዱ ስንኝ ሲመታ ዋይታው ይነሣል፤ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ዋይታው ሲበርድ ሌላውን ትጥላለች። ይህ ሁሉ ጥበብ ነው፤ በዚህ ልዩነት የለም። ነገር ግን ከተነገሯት ብዙ ነገሮች መካከል እናትየዋን የሚሰብረው የትኛው እንደሆነ በምን አወቀች? ስለ ሟቹ ሀብት ተነግሯታል፣ ስለ ማዕረጉም ተነግሯታል፤ እሷ ግን ማታ ሲገባ በር ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያራግፍበትን ልማድ አነሣች። አልቃሽ የራሷ ሟች አላት። በሰው ቤት ስታለቅስ በየትኛው በኩል እንደሚያም የምታውቀው ከዚያ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ከልምድ ልታውቀው ትችላለች። ሐኪምም ሳይታመም የት እንደሚያም ያውቃል።

ተሟጋች፦ ቻርልስ ዲከንስ ግን ታሞ ነው ያወቀው። በ1841 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በ«የአሮጌ ዕቃ ሱቅ» ውስጥ የትንሿን ኔልን ሞት መጻፍ ሲገባው ቀኑን እየገፋ ተሠቃየ። የሚስቱ እኅት ሜሪ ሆጋርት በ17 ዓመቷ፣ በ1837 እ.ኤ.አ. በድንገት አርፋ ነበር። ኔልን ሲገድል ያ አሮጌ ቁስል እንደገና ማመርቀዙን፣ ሜሪ ትናንት የሞተች ያህል እንደሆነበት ለወዳጁ ጻፈ። አንባቢውም በእንግሊዝና በአሜሪካ ለኔል አለቀሰ።

ተጠራጣሪ፦ ከዚያስ በኋላ? ኦስካር ዋይልድ ስለዚያው ሞት የቀለደው ቀልድ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ የኔልን ሞት ሳይስቅ የሚያነብ ሰው ልቡ ድንጋይ መሆን አለበት ብሏል ይባላል። የዲከንስ ዕንባ እውነተኛ ነበር፤ በዚያ የሚጠራጠር የለም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ግን ገጹ መሳቂያ ሆነ። ስሜት ለጽሑፍ ዋስትና ቢሆን ኖሮ ያ ገጽ ከሁሉ በላይ በጸና ነበር። የወደቀውም ደራሲው እያለቀሰ ስለጻፈው ነው ማለት ይቻላል፤ አንባቢው ሊያለቅስበት የሚገባውን ቦታ ራሱ ቀድሞ አለቀሰበት።

ተሟጋች፦ ይህ ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ የከበደው ነው። መልሱም የሚገኘው ሌላ ሞት በጻፈ ደራሲ ዘንድ ነው። ፍሎቤር የኤማ ቦቫሪን በአርሴኒክ ተመርዞ መሞት ሲጽፍ የመርዙ ጣዕም አፉ ውስጥ መጥቶበት፣ ሆዱ ታውኮ፣ ራቱን እስከማስመለስ እንደደረሰ በኋላ ለሐያሲው ሒፖሊት ቴን ጽፏል። ስሜቱ ከዲከንስ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ አካሉ ድረስ ወርዷል። ገጹ ላይ ግን አንድም የደራሲው ዕንባ የለም። ጥማቷ፣ የጣቷ እንቅስቃሴ፣ የሐኪሞቹ ግራ መጋባት፣ የፋርማሲስቱ ልፈፋ በቅደም ተከተል ተቀምጧል። የቀዶ ሐኪም ልጅ ነበርና በሽታን እንደ ሐኪም ማየትን ያውቅበታል። በዚያ ትዕይንት ላይ ማንም ሲስቅ አልተሰማም።

ተጠራጣሪ፦ ይህ እኮ የተጠራጣሪውን ወገን የሚደግፍ ማስረጃ ነው። ፍሎቤር ራሱ ደራሲ በሥራው ውስጥ እንደ ፈጣሪ በየቦታው ሊኖር፣ የትም ግን ሊታይ እንደማይገባ የጻፈ ሰው ነው። ገጹን ያቆመው ቅዝቃዜው ነው። ማስመለሱ ቢቀርም ገጹ ያው ይሆን ነበር።

ተሟጋች፦ ማስመለሱ ቢቀር ገጹ ያው ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው፦ ሁለት ደራስያን፣ ሁለቱም ክፉኛ ተሰምቷቸዋል፤ አንዱ ስሜቱን ገጹ ላይ አፈሰሰው፣ ሌላው ጠረጴዛው ዘንድ አስቀርቶ ለገጹ ያየውን ብቻ ሰጠው። ልዩነቱ ስሜቱ የተተወበት ቦታ ነው። አልቃሿም ይህን ታውቃለች። ሳግ ከያዛት የሚቀጥለውን ስንኝ ማውጣት አትችልም፤ ቤቱ ዝም ይላል። ዕንባዋ ከጉሮሮዋ በታች መቆየት አለበት። የሌለ እንደሆነ ግን ድምፅዋ የሰልፍ መፈክር ይመስላል፤ ያንንም ለቀስተኛ ይለየዋል።

ተጠራጣሪ፦ «ይለየዋል» የሚለው አልተፈተነም። ቢሆንም ነገሩ ወደ ሌላ ሥጋት ይወስዳል። ዕንባ ከጉሮሮ በታች መቆየት አለበት ከተባለ ደራሲ ሁልጊዜ ዕንባ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ስንት ወጣት ጸሐፊ ነው ስቃይን እንደ ሙያ መሣሪያ የሚፈልገው? ያልጠጣ፣ ያልተጣላ፣ ያላበደ ደራሲ አይደለም የሚል እምነት በየመሸታ ቤቱ አለ። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ የቀረበው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ብዙ ጊዜ ከደራሲው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጋር እየተያያዘ ይነሣል። ሲራክን አንብቦ ከመጻፉ ይልቅ አኗኗሩን የሚቀዳ አንባቢ ደግሞ አይጠፋም።

ተሟጋች፦ በስቃይና በስሜት መካከል ያለው ልዩነት መጠበቅ አለበት። በጥናትም የተነካ ነገር ነው። ናንሲ አንድሪያሰን በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት በአዮዋ የጸሐፊዎች ወርክሾፕ የነበሩ 30 ጸሐፊዎችን ሌላ ሥራ ካላቸው 30 ሰዎች ጋር አነጻጸረች። በሕይወት ዘመናቸው የስሜት መታወክ ሕመም የገጠማቸው ከጸሐፊዎቹ 80 በመቶ፣ ከሌሎቹ 30 በመቶ ነበሩ።

ተጠራጣሪ፦ ሠላሳ ሰው ትንሽ ነው፤ ጠያቂዋም ማን ጸሐፊ ማን ሌላ እንደሆነ እያወቀች ነው የጠየቀችው።

ተሟጋች፦ እውነት ነው። ስለዚህ ሰፊው ይታይ። በስዊድን የተደረገ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕሙማንንና ዘመዶቻቸውን በመዝገብ የተከታተለ ጥናት የፈጠራ ሙያ ያላቸው ሰዎች በጠቅላላው ከሌላው የበለጠ የአእምሮ ሕመም እንደሌለባቸው አሳየ፤ ከባይፖላር በቀር። ጸሐፊዎች ለብቻቸው ሲታዩ ግን በበርካታ ሕመሞች ተጋላጭነታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ራስን የማጥፋት አደጋቸውም እንዲሁ። ይህ ሕመም መጽሐፍ ይጽፋል ማለት አይደለም። የታመመ ደራሲ የሚጽፈው ሕመሙ ፋታ በሰጠው ጊዜ ነው። ሕመምን እንደ መክሊት የሚቆጥር ሰው መታከም የሚገባውን ወንድሙን እያጨበጨበ ይቀብረዋል።

ተጠራጣሪ፦ በዚህ ሁለቱም ወገን ይስማማል። መጻፍ ያድናል የሚለው ተቃራኒ እምነትስ?

ተሟጋች፦ እሱም በልኩ መያዝ አለበት። ጄምስ ፔንቤከር ከሥራ ባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሙከራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር ጻፉ። ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ከበፊቱ የከፋ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ አነሰ። መጀመሪያ ይከፋል፣ ቆይቶ ይቀላል። ያ ግን ልብ ወለድ አይደለም፤ አንባቢም አልነበረውም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ያንኑ ቁስል ለሁለት ዓመት በየጠዋቱ ይነካካዋል፤ ከዚያም ለገበያ ያወጣዋል።

ተጠራጣሪ፦ ወደ መጨረሻው ይኬድ። መጽሐፉ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶነት ለምን ይጠቅማል?

ተሟጋች፦ ባዶነቱ የኪሳራ ስሌት ነው። ለዓመታት አብረው የኖሩ ሰዎች በአንድ ቀን ከቤት ወጥተዋል። በዚህ ጊዜ የሚወሰን ውሳኔ አደገኛ ነው። ኒኮላይ ጎጎል የ«ሙት ነፍሳት»ን ሁለተኛ ክፍል የእጅ ጽሑፍ በየካቲት 1852 እ.ኤ.አ. ሌሊት ላይ ምድጃ ውስጥ ጨመረው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ካፍካም ወዳጁ ማክስ ብሮድ ያልታተሙ ጽሑፎቹን እንዲያቃጥል አዝዞ ነበር፤ ብሮድ አልታዘዘም፤ «ችሎቱ» የተባለው ልብ ወለድ የተረፈው በዚያ እንቢታ ነው። ስቲቨን ኪንግ ረቂቁን ቢያንስ ስድስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መተው ይመክራል። ድፍድፍ በየሰዓቱ አይከፈትም።

ተጠራጣሪ፦ ስድስት ሳምንት የሚያስፈልገው ስሜቱ እንዲጠፋ ነው። ይህ የተጠራጣሪው ወገን ዋና ነጥብ ነው። ልብ ወለድ ሰው የሚያነበው የሚሆነው በእርማት ነው፤ እርማት የሚጀምረው ደራሲው ለገጹ እንግዳ ሲሆን ነው። የሚያስለቅሰውን አረፍተ ነገር የሚሰርዘው ያ እንግዳ ነው። አንድ ሰው በዕንባ የጻፈውን ገጽና በደረቅ ማክሰኞ የጻፈውን ገጽ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀላቅሎ ቢያነብ የትኛው የትኛው እንደሆነ ላይለይ ይችላል። ራሱ ካልለየ አንባቢ እንዴት ይለያል?

ተሟጋች፦ ላይለይ ይችላል። ግን ደረቁ ማክሰኞ የተጻፈው ከዕንባው ሰኞ በኋላ ነው፤ ሰኞ የተከፈተውን መንገድ ይዞ። ሁለቱን ገጾች ነጥሎ መመዘን እርሾውንና ዱቄቱን ለየብቻ ቀምሶ ስለ እንጀራው መፍረድ ነው። ደግሞም የደራሲ ስሜት ከገጽ ውጭ የሚከፈል ዋጋ አለው። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሳለ በደርግ መንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ ያየውን ይዞ «ኦሮማይ»ን ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሥራ ነበረው፣ ቤተ ሰብ ነበረው፣ ሥልጣን ነበረው፤ ሰዓት አስቀምጦ ሌላ መጽሐፍ ሊጽፍም ይችል ነበር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በስሌት ብቻ ይጻፋል?

ተጠራጣሪ፦ በዓሉ በዚያን ጊዜ ልቡ ውስጥ የነበረውን ማንም አያውቅም፤ በእርሱ ስም መናገርም አይገባም። በእጅ የቀረው መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ ደግሞ በጋዜጠኛ ዓይን የተጻፈ፣ ቀንና ቦታ የሚቆጥር፣ ጥድፊያ ያለው ጽሑፍ ነው። ዛሬም የሚነበበው በዚያ ነው። የደራሲው ዕጣ አንባቢውን ያሳዝነዋል፤ ያ ሐዘን ግን ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ሐዘን ነው፤ ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም።

ተሟጋች፦ መደባለቅ የለባቸውም፤ መፋታት ይችሉ እንደሆነ ግን አጠራጣሪ ነው። ለዚህ የመጨረሻው ምስክር ያው ባለ ሰዓቱ ትሮሎፕ ይሁን። አንድ ቀን በለንደን ክበብ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ሁለት ቀሳውስት በየመጽሐፉ ስለምትመላለሰው የጳጳሱ ሚስት፣ ስለ ወይዘሮ ፕራውዲ ሲያማርሩ ሰማ። ተነሥቶ ደራሲው እሱ እንደሆነ ነገራቸው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ እንደሚገድላትም ቃል ገባ። በ1867 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ የባርሴት ተከታታይ ልብ ወለዶቹ የመጨረሻ በሆነው መጽሐፍ ውስጥ ገደላት። ከዓመታት በኋላ በግለ ታሪኩ ላይ እንደተጸጸተ፣ ከሙት መንፈሷ ጋርም ብዙ ጊዜ አብሮ እንደሚኖር ጻፈ። ሰዓቱን አስቀምጦ የጻፈው ሰው ነው ይህን ያለው።

ተጠራጣሪ፦ ተጸጽቷል፤ ይታመናል። ሲገድላት ግን የተጸጸተበት ምልክት የለም። ቃል በገባው መሠረት ጠዋት ተነሥቶ፣ 250 ቃል በየሩብ ሰዓቱ እየጻፈ ገደላት፤ ምዕራፉም ከጻፋቸው የተመረጡት መካከል ይቆጠራል። ሐዘኑ የመጣው መጽሐፉ ካለቀ፣ ከታተመም በኋላ ነው።

ተሟጋች፦ አልቃሽም ለራሷ የምታለቅሰው ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቷ ስትገባ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይህ እንግዲህ ለየትኛው ወገን እንደሚመሰክር አንባቢው ይመልከተው።